በካናዳ የሥራ ልምድ ፒ.አር ማግኘት፦ ማስረጃው የሚሰበሰበው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው

ኤድመንተን በሚገኝ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት በምግብ አብሳይነት ሠርቼ ነው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ (ፒ.አር) ያገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ቤቴ የማይመጣ የለም፤ ዘመድ፣ የዘመድ ዘመድ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቀኝ ሁሉ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ገንዘብም አልቀበልም። የማየው ችግር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰዉ ሥራውን ሠርቷል፤ መሥራቱን የሚመሰክርለት ወረቀት ግን በእጁ የለም። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሹም ደግሞ ከወረቀቱ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም።

መንገዱ ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀመረ፤ ከ2015 ወዲህ የሚስተናገደው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው፣ ሰዎችን በነጥብ አወዳድሮ እንዲያመለክቱ በሚጋብዘው ሥርዓት ውስጥ ነው። ዋናው መስፈርት አጭር ነው፤ ከማመልከታችሁ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ፣ ካናዳ ውስጥ፣ በሕጋዊ የሥራ ፈቃድ፣ ሙያ በሚባል ሥራ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት መሥራት። የትምህርት ማስረጃ እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠየቅም። ባንክ ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ አሳዩ የሚለው ግዴታም በዚህኛው መንገድ የሚያልፉትን አይመለከትም። ኩቤክ ለመኖር የሚያስብ ሰው ግን በዚህ በር አይገባም፤ ኩቤክ የራሷ ሥርዓት አላት።

ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል

አንድ ዓመት ማለት 1,560 ሰዓት ማለት ነው፤ በሳምንት 30 ሰዓት ለ52 ሳምንታት። በሳምንት 15 ሰዓት የሚሠራ ሰው በሁለት ዓመት ይደርስበታል። ሁለት የትርፍ ጊዜ ሥራ ያለው ደግሞ ሁለቱም ሙያ ከሆኑ ሰዓታቸውን መደመር ይችላል። መሀል ላይ ሥራ ቢቋረጥም ችግር የለውም፤ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ተደምሮ ይሞላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው። በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ የተሠራው አይቆጠርም። በስድስት ወር ውስጥ በሳምንት 60 ሰዓት እየሠራሁ ዓመቱን ሞልቻለሁ የሚል ወንድም መጥቶ ነበር፤ በሕጉ ዓይን የሠራው የስድስት ወር ብቻ ነው። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆናችሁ የሠራችሁትም አይያዝም፤ የኮሌጁ አካል የሆነው የሥራ ልምምድ ጭምር። ሥራው ሕጋዊ ነበር፣ ግብርም ተከፍሎበታል፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ዋጋ የለውም።

በግል ሥራ የተገኘ ልምድም ከዚሁ ይመደባል። ይህ በተለይ የጭነት መኪና የሚነዱ ወንድሞቻችንን ይጎዳል። የጭነት መኪና ሾፌርነት በሙያ የሚመደብ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አሠሪዎች ሾፌሩን «የራስህን ድርጅት አቋቁምና በድርጅትህ ስም እንክፈልህ» ይሉታል። ለግብር ይቀለኛል ብሎ ይፈርማል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱን በራሱ ቀጥሯል ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከካልጋሪ ቫንኩቨር ቢመላለስም ሰዓቱ ላይደመርለት ይችላል። ፒ.አር እስክታገኙ ድረስ ተቀጣሪ ሁኑ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቲ-4 የሚባለውን የደመወዝ መግለጫ የሚሰጣችሁ አሠሪ ዘንድ ሥሩ። በእጅ የሚከፈል ሥራ ጭራሽ አይነሣ።

ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ሰዎችም የሥራ ፈቃድ ስላላቸው በዚህ መንገድ እንሞክር ይላሉ። ደንቡ የሚለው ልምዱ በተገኘበት ጊዜ ሁሉ የጊዜያዊ ነዋሪነት ሕጋዊ ይዞታ መኖር አለበት ነው፤ የሥራ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ የጥገኝነት ጉዳዩን ወደያዘለት ጠበቃ እመልሰዋለሁ።

ሁለት ሽርጥ፣ ሁለት ቁጥር

በሆቴላችን ወጥ ቤት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሽርጥ አስረው ጎን ለጎን ይውላሉ። አንደኛዋ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሰላጣ ታጥባለች፣ ድስት ትፈትጋለች። ሁለተኛዋ ሾርባውን ትሠራለች፣ ሥጋውን ትጠብሳለች፣ ምን እንዳለቀ መዝግባ ለግዢ ታሳውቃለች። የመጀመሪያዋ ሥራ 65201 ነው፤ የሁለተኛዋ 63200። የመጀመሪያዋ አሥር ዓመት ብትሠራ በዚህ መንገድ ፒ.አር አታገኝም፤ ሁለተኛዋ በአንድ ዓመት ትበቃለች።

እነዚህ ቁጥሮች ኖክ ከሚባለው የካናዳ ብሔራዊ የሥራ መደቦች ዝርዝር የመጡ ናቸው። አሁን የሚሠራበት የ2021 ዝርዝር ሲሆን ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 16 ቀን 2022 ነው። እያንዳንዱ ሥራ አምስት አኃዝ አለው፤ እናንተ የምትፈልጉት ሁለተኛውን አኃዝ ነው። እርሱ ቲር የሚባለውን ደረጃ ያሳያል። 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ከሆነ ሥራው ሙያ ነው፤ 4 ወይም 5 ከሆነ አይደለም። 63200 ላይ ሁለተኛው 3 ነው፤ አለፈ። 65201 ላይ 5 ነው፤ ወደቀ።

የእኛ ሰው በብዛት የሚሠራባቸውን እንያቸው። ጥበቃ 64410 ነው፤ አይሆንም። ታክሲ 75200፤ አይሆንም። የሱቅ ሽያጭ ሠራተኛ 64100 አይሆንም፤ የሽያጭ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ 62010 ግን ይሆናል። እንግዳ ተቀባይ 14101 አይሆንም፤ የአስተዳደር ረዳት 13110 ይሆናል። የሒሳብ ክፍል ጸሐፊ 14200 አይሆንም፤ ሒሳብ መዝጋቢ 12200 ይሆናል። የሕፃናት መዋያ አስተማሪ 42202 ይሆናል። ከሁሉም የሚያስቆጨው የእንክብካቤ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ሥልጠና የወሰዱ ሁለት እህቶች አንዷ በአረጋውያን ማቆያ ወይም በሆስፒታል ከተቀጠረች 33102 ትሆናለች፤ ሌላዋ በሰው ቤት እየሄደች ያንኑ አረጋዊ ብትንከባከብ 44101። የመጀመሪያዋ ትቆጠራለች፤ ሁለተኛዋ አትቆጠርም። የሥራ ምርጫ ካላችሁ፣ በሰዓት አንድ ዶላር ቢቀንስም እንኳ፣ ቁጥሩን አይታችሁ ምረጡ።

የሥራው ስም ብቻውን ዋጋ የለውም። አሠሪያችሁ «ሱፐርቫይዘር» የሚል ባጅ ቢያደርግላችሁም ቀኑን ሙሉ ገንዘብ መቀበያው ላይ ከቆማችሁ ገንዘብ ተቀባይ ናችሁ። ኢሚግሬሽን የሚጠይቀው በኖክ ገጽ ላይ በመግቢያው ዓረፍተ ነገር የተገለጸውን ሥራ መሥራታችሁንና ከሥሩ ከተዘረዘሩት ዋና ዋና ተግባራት አብዛኛውን ማከናወናችሁን ነው። ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ የራሳችሁን ቁጥር ገጽ አትሙና ወረቀቱን አጠገባችሁ አኑሩት፤ የማትሠሩት ተግባር ካለ ኃላፊያችሁን እንዲያሠራችሁ ጠይቁ። እኔ የዕቃ ምዝገባውን ለምኜ ነው የወሰድኩት፤ ማንም አይፈልገውም ነበር።

ደብዳቤው

ፋይል የሚያድነውም የሚገድለውም የአሠሪ ደብዳቤ ነው። በፌስታል የሚመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንዲህ ይላሉ፦ «እገሊት በድርጅታችን በትጋት አገልግላለች፤ ጠባይዋ የተመሰገነ ነው፤ በሄደችበት ሁሉ መልካም እንዲገጥማት እንመኛለን።» ደስ ይላል፤ አይጠቅምም። ለሹሙ የጠባይ ነገር ጉዳዩ አይደለም።

የሚጠቅመው ደብዳቤ በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ የድርጅቱ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል ይኖረዋል፤ የፈረመው ኃላፊ ስምና የሥራ መደብ በግልጽ ይታያል። ውስጡም እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል፦ «ከማርች 4 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ ዛሬ በምግብ አብሳይነት በቋሚነት ተቀጥራ ትሠራለች። በሳምንት 37.5 ሰዓት ትሠራለች። ደመወዟ በሰዓት 21 ዶላር፣ በዓመት 40,950 ዶላር ሲሆን የጥርስና የመድኃኒት መድን አላት።» ከዚያ የሥራ ተግባራቷ ይዘረዘራሉ። 21ን በ37.5 እና በ52 አባዙት፤ 40,950 ይመጣል። ሹሙም ያባዛዋል። ከቲ-4 ጋርም ያስተያየዋል፤ ደብዳቤው 37.5 ሰዓት እያለ ቲ-4ቱ የግማሹን ገቢ ካሳየ ጥያቄ ይነሣል።

ተግባራቱን ከኖክ ገጽ ቃል በቃል አትገልብጡ። ሹሙ ያንን ገጽ ስንት ጊዜ አንብቦታል! የተገለበጠ ዝርዝር ሥራው ስለመሠራቱ ምንም አይነግረውም። በእናንተ ወጥ ቤት፣ በእናንተ ቢሮ የሆነውን ጻፉ። «ምግብ ያዘጋጃል» ከማለት «ለቁርስ የሚቀርበውን ቡፌ በየዕለቱ ያዘጋጃል፤ ሁለት የወጥ ቤት ረዳቶችን ያሰማራል» ማለት ይሻላል፤ በእርግጥ እውነት ከሆነ። በአንድ ድርጅት ውስጥ መደባችሁ ተቀይሮ ከነበረ እያንዳንዱ መደብ የራሱ ቀን፣ ሰዓትና ተግባር ይኑረው። ረዳት ሆናችሁ የጀመራችሁበት ስድስት ወር ከአብሳይነቱ ጋር ተደባልቆ ከተጻፈ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ለእኔ መጀመሪያ የተጻፈልኝ ደብዳቤ «የወጥ ቤት ሠራተኛ» የሚል ነበር። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልዩነቱ አልታየውም። ረቂቁን ራሴ አዘጋጅቼ፣ ከሥራ ውሌ ቅጂ ጋር አያይዤ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ወሰድኩለት፤ አንብቦ አንድ ቦታ አርሞ ፈረመ። አሠሪዎች በአብዛኛው ደብዳቤ የማይጽፉት ከክፋት ሳይሆን ከስንፍና ነው፤ ረቂቁን ይዛችሁ ሂዱ። ጊዜውንም አትጠብቁ። ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ሰው ይጣላል። አንድ ዓመቱ እንደሞላ ደብዳቤውን አስጽፉ፤ ስትጋበዙ ቀኑን ታድሱታላችሁ።

ጭራሽ አልጽፍም የሚል አሠሪ ከገጠማችሁ ያሏችሁን ሁሉ ሰብስቡ፤ የሥራ ውል፣ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ቲ-4፣ ከገቢዎች የሚመጣው የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ የቅርብ ኃላፊ ወይም የሥራ ባልደረባ የፈረመው ምስክርነት፣ እና ደብዳቤው ለምን እንደሌለ የምታስረዱበት የራሳችሁ ጽሑፍ። እንዲህ ሆኖ ያለፈ አለ፤ የወደቀም አለ። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ የደመወዝ ወረቀታችሁን በየወሩ አውርዳችሁ አስቀምጡ የምለው። ሥራ ስትለቁ የድርጅቱ ሥርዓት የይለፍ ቃላችሁን ይዘጋዋል።

ቋንቋና ነጥብ

ሥራችሁ ቲር 0 ወይም 1 ከሆነ በንባብ፣ በጽሑፍ፣ በማዳመጥና በንግግር እያንዳንዳቸው ሲ.ኤል.ቢ በሚባለው የካናዳ የቋንቋ ደረጃ መለኪያ 7 ያስፈልጋል፤ ቲር 2 ወይም 3 ከሆነ 5 ይበቃል። ፈተናው አይኤልትስ ጄኔራል፣ ሴልፒፕ ጄኔራል ወይም ፒ.ቲ.ኢ ኮር ሊሆን ይችላል፤ ለፈረንሳይኛ ቴፍ ካናዳና ቴሴፍ ካናዳ አሉ። አይኤልትስ አካዳሚክ አይሠራም። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ነገር ግን 5 በር ያስገባል እንጂ ወንበር አያሰጥም። ፕሮፋይላችሁን፣ ማለትም የመወዳደሪያ መረጃችሁን፣ ካስገባችሁ በኋላ ሲ.አር.ኤስ በሚባለው ከ1,200 በሚሰላ ነጥብ ከሌላው ጋር ትወዳደራላችሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2021 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለመጋበዝ የሚበቃው ነጥብ 75 ድረስ ወርዶ 27,332 ሰዎች በአንድ ቀን ተጠርተው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያቺን ቀን እያነሣ የሚጠብቅ ሰው አለ። በ2025 ለካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ የወጡት ጥሪዎች የጠየቁት ነጥብ ከ500 በላይ ነበር።

ነጥብ በርካሽ የሚገኘው ከቋንቋ ነው። ያላገባ ሰው ሲ.ኤል.ቢ 7 ላይ ለእያንዳንዱ ክህሎት 17 ነጥብ ያገኛል፤ 9 ላይ 31። በአራቱ ሲባዛ ከ68 ወደ 124 ይወጣል። ዲግሪ ካለው ከቋንቋው ጋር ተጣምሮ ሌላ 12 ይጨምርለታል። በአንጻሩ ሁለተኛ ዓመት ካናዳ መሥራት ዋናውን ነጥብ ከ40 ወደ 53 ነው የሚያሳድገው፤ ዕድሜያችሁ 30 ካለፈ ደግሞ በዚያው ዓመት ውስጥ አምስት ስድስት ነጥብ ይቀነስባችኋል። ሲ.ኤል.ቢ 9 አይኤልትስ ላይ ሲታይ ማዳመጥ 8.0፣ የቀሩት ሦስቱ 7.0 ነው። የእኛን ሰው በብዛት የሚጥለው ጽሑፉ ነው፤ ንግግር እንደ ውኃ የሚፈስለት ሰው ጽሑፍ ላይ 6.5 ያመጣል። ትርፍ ሰዓት ሠርታችሁ የምታገኙትን ገንዘብ ለሦስት ወር ቀንሱና አጥኑ፤ ከ30 ሰዓት በላይ ያለው እንደሆነ አይቆጠር።

ፈረንሳይኛ የምትችሉ፣ ጅቡቲ ያደጋችሁም ሆናችሁ አዲስ አበባ ሊሴ የተማራችሁ፣ ዕድለኞች ናችሁ። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚወጡ ጥሪዎች ነጥባቸው ከ400 በታች የወረደበት ጊዜ አለ። የክፍለ ሀገር እጩነት ደግሞ 600 ነጥብ ያስጨምራል፤ የምትኖሩበትን ክፍለ ሀገር መርሃ ግብር ጎን ለጎን መከታተል ተገቢ ነው። ከአሠሪ በሚገኝ የሥራ ቅጥር ማረጋገጫ የሚሰጠው ነጥብ ግን እ.ኤ.አ. ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ተሰርዟል። «50 ነጥብ የሚያስገኝ ቅጥር እሸጥላችኋለሁ» የሚል ደላላ አሁንም አለ፤ ድሮም ወንጀል ነበር፣ አሁን ደግሞ ከንቱም ሆኗል።

ግብዣው ሲመጣ

ከግብዣው በኋላ ያላችሁ 60 ቀን ነው። ሁለት ወር ይበቃል የሚመስለው የኢትዮጵያን ወረቀት የማያውቅ ሰው ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ፣ ከ18 ዓመታችሁ በኋላ፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖራችሁበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከካናዳ በስተቀር። ከኢትዮጵያ የሚሰጠው ፌዴራል ፖሊስ ነው፤ በሩቅ ሆኖ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል። በቤይሩት፣ በዱባይ ወይም በሪያድ በኩል ያለፋችሁ ደግሞ የዚያንም አገር ማረጋገጫ ታመጣላችሁ። እነዚህን ግብዣው ሳይመጣ ጀምሯቸው። የሕክምና ምርመራም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2025 ጀምሮ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ምርመራውን የሚያደርገው ኢሚግሬሽን የመደበው ሐኪም ብቻ ነው።

የቀን ነገር ልብ ይባል። ከአገር ቤት የምታመጡት የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከመስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም.» ካለ፣ ያ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2015 ነው። ተርጓሚው 2008ን እንዳለ ካስቀመጠው ገና ትምህርት ቤት በነበራችሁበት ጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ ብላችሁ የተናገራችሁ ይመስላል። ትርጉሙ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር እንዲጻፍ አድርጉ። ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈም ሌላ የተጠቀማችሁበት ስም የሚለው ቦታ ላይ ሁሉንም አስፍሩ።

ልጅ ካላችሁ፣ አብሯችሁ ባይኖርም፣ አባቱ ወይም እናቱ ዘንድ ቢያድግም፣ አስመዝግቡ። ይዛችሁት ባትመጡም ይመረመራል። ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ በኋላ በቤተሰብ መንገድ ልምጣ ሲል በሩ በአብዛኛው ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ጉዳይ ይህ ነው፤ ደላላ «ነጥብ እንዳይቀንስብሽ ልጅሽን አታንሺ» ያላት እናት አግኝቻለሁ። ልጅ ነጥብ አይቀንስም። ሐሰት ግን ከተገኘ ለአምስት ዓመት ያሳግዳል።

ክፍያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 30 ቀን 2024 በተደረገው ማሻሻያ ለዋናው አመልካች 950 የካናዳ ዶላር ለማመልከቻው፣ 575 ለቋሚ ነዋሪነት መብቱ ሲሆን ለእያንዳንዱ ልጅ 260፣ ለጣት አሻራ 85 ነበር። በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ ከመንግሥት ገጽ ላይ እዩ። በገንዘብ ሊያማክራችሁ የሚችለው ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ነው፤ የአማካሪዎቹ ኮሌጅ የሚባለው ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ አካል ስማቸውን ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ያኖረዋል። ስሙን ፈልጉና ካጣችሁት ተነሥታችሁ ውጡ።

ፕሮፋይል ማስገባት የሥራ ፈቃድን አያራዝምም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ከትምህርት በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ሌላ መንገድ መፈለግ መጀመር አለባችሁ። ተጋብዛችሁ ሙሉ ማመልከቻውን ካስገባችሁና የመቀበያ ማረጋገጫ ከደረሳችሁ በኋላ ግን የመሸጋገሪያ ክፍት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ነባሩ ፈቃድ ሳያልቅ ጠይቁ፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሥራችሁን ሳታቋርጡ ትቀጥላላችሁ።

ፒ.አር ካርዱ የሚላከው ወደ ካናዳ አድራሻ ብቻ ነው፤ ቤት ስትቀይሩ አሳውቁ። ካርዱን ካገኛችሁ በኋላ በየአምስት ዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን ካናዳ መገኘት ግዴታ ነው። አገር ቤት ለረጅም ጊዜ ለመሄድ የምታስቡ የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ከዛሬ ጀምራችሁ በደብተር መዝግቡ፤ ለዜግነት ስታመለክቱም ያንኑ ይጠይቋችኋል።